ሰው ላጣ ሰው ሰው ስለ መሆን

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ተብሎ እንደሚጠራ የታወቀ ነው። በዚህ ሰንበት ቤተ ክርስቲያናችን በዮሐንስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን፥ 38 ዓመት በደዌ ተይዞ የኖረውን ሰው ታሪክ ታነባለች። ድውዩ በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ፥ አምስት መመላለሻ በነበራት መጠመቂያ ዳር ከብዙ ሕሙማን ጋር ተኝቶ የውሃውን መናወጥ ይጠባበቅ ነበር። ጌታችን ወደ እርሱ ቀርቦ መዳን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፥ ድውዩ ስለ ደዌው ጽናት ወይም ስለ ዘመኑ ርዝመት አልተናገረም፤ ውሃው በሚናወጥበት ሰዓት አንሥቶ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ነገረው እንጂ።

ይህን መልስ አብዝተን ልናስተውለው ይገባናል። ይህ ሰው በበረሃ ብቻውን የተጣለ አልነበረም። ወንጌላዊው እንደሚነግረን ጊዜው የአይሁድ በዓል ነበረ፤ ከተማይቱም በሰው የተሞላች ነበረች። ውሃው ቅርብ ነው፤ ፈውሱም በውሃው ውስጥ አለ፤ መልአኩም በየጊዜው መውረዱን አላቋረጠም። ከሰማይ በኩል የጐደለ ነገር አልነበረም፤ ከምድር በኩል ግን አንድ ነገር ጐደለ፤ ይኸውም አንሥቶ የሚያወርድ አንድ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም በየአጥቢያው፥ በየሰፈሩና በየደጃችን አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ማገልገል የሚወዱ፥ ዳሩ ግን የሚያገለግሉበትን ቦታ እንዳላገኙ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ይልቁንም ወጣቶች ይህን ጥያቄ ለካህናት ደጋግመው ያቀርባሉ። ሰው ያጣ ችግረኛና ሥራ ያጣ በጎ ፈቃድ በአንድ መንደር እየኖሩ ሳይተያዩ መቅረታቸው የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር ለመመርመር አስበናል። በፈቃድ የሚደረግ አገልግሎት ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ? የሚገባውስ ለማን ነው? ሊያገለግል የሚወድ ሰውስ አገልግሎቱን እንዴት ያገኘዋል?

ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ?

አንዳንዶች እንዲህ ብለው ይከራከራሉ። አገልግሎት በሕግ የታዘዘ ከሆነ በፈቃድ የተደረገ ሊባል አይችልም፤ በፈቃድ የሚደረግ ከሆነም ያላደረገው ሰው ሊወቀስ አይገባውም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው በቃል ባይናገረውም በልቡ ይዞት ይኖራልና።

መልሱን ከገብር ኄር ምሳሌ እናገኛለን። በዐቢይ ጾም በስድስተኛው ሰንበት የሚነበበው ይህ ምሳሌ፥ ከጌታቸው አምስት፥ ሁለትና አንድ መክሊት ስለ ተቀበሉ ሦስት አገልጋዮች የሚናገር ነው። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ሌባ አልነበረም፤ የጌታውንም ገንዘብ በመብልና በመጠጥ አላጠፋም፤ ቈፍሮ ቀበረው፥ ጠበቀው፥ እንዳለም መለሰው። በሰው ፍርድ ሸንጎ ቢቀርብ የሚያስቀጣው ነገር ባልተገኘበት ነበር። በጌታው ፊት ግን ተፈረደበት፤ መክሊቱ የተሰጠው እንዲሠራበት ነበርና። ከዚህም የምንማረው ክፉ አለማድረግ ብቻውን ጽድቅ እንዳይደለ ነው። ጊዜ፥ ጕልበት፥ ጤና፥ ዕውቀት፥ የእጅ ሙያ፥ ቋንቋ፥ ይህ ሁሉ ከሰጪው የተቀበልነው መክሊት ነው፤ ስለዚህ አገልግሎት በእግዚአብሔር ፊት ዕዳ ነው።

በሰው ፊት ግን ስጦታ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጐረቤታቸውን ውሃ አልቀዳልኝም ብለው በዳኛ ፊት ሊከሱት አይችሉም፤ በዚህ ነገር የሚያስገድደው ሕግ የለምና። የሚያስገድድ አበዳሪ በሌለበት ዕዳውን ዐውቆ በደስታ የሚከፍል ሰው፥ እርሱ በእውነት በፈቃዱ አገለገለ ይባላል። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ባደርገውም ባላደርገውም አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የሚገባንን ነገር ማንም ሳያስገድደን ማድረግ ማለት ነው እንጂ። ይህን የሚያስተውል ሰው ከሁለት ደዌ ይጠበቃል። ዕዳ መሆኑን ያወቀ ስለ ሠራው ሥራ አይታበይም፤ ስጦታ መሆኑን ያወቀ ደግሞ እንደ ምንደኛ እያጕረመረመ አይሠራም።

ይህን ለይቶ ማስተማር በአገራችን ይልቁን ያስፈልጋል፤ ዕድሜአቸው የገፋ ሰዎች በፈቃድ ስም በግዴታ የተደረገውን ያስታውሳሉና። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል፤ መዝመት ያልፈለገ ተማሪም ትምህርቱን መቀጠል አይፈቀድለትም ነበር። ከዘማቾቹ ብዙዎች ለገበሬው ፊደል አስቈጥረዋል፥ ጕድጓድም ቈፍረዋል፤ ሥራው በራሱ በጎ ነበር፤ ዳሩ ግን ከግዳጁ ጋር ስለ ተቀላቀለ በብዙዎች ልብ ምሬትን ጥሎ አልፏል።

ይሁን እንጂ በግድ የተጀመረ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። የቀሬናው ስምዖን ከገጠር ሲመጣ ወታደሮች ይዘው መስቀሉን አሸከሙት እንጂ ወዶ አልተሸከመም። ወንጌላዊው ማርቆስ ግን የልጆቹን የእስክንድሮስንና የሩፎስን ስም ጭምር ጽፎ አቈይቶልናል፤ ልጆቹ በምእመናን ዘንድ የታወቁ ባይሆኑ ኖሮ ስማቸውን ማንሣት ባላስፈለገም ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው በመምህሩ ትእዛዝ ወይም በጓደኛው ጕትጐታ አገልግሎት ቢጀምር አይፈር። መጀመሪያው ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ መጽናቱ ግን ከውስጥ ካልሆነ አይሆንም።

ባልንጀራችን ማን ነው?

ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጌታችንን በጠየቀው ጊዜ፥ በግእዙ ወንጌል ባልንጀራ ለማለት የተጻፈው ቃል ቢጽ የሚለው ነው። ከዚህ ቃል የወጣውን ቢጤ የሚለውን የአማርኛ ቃል ሕዝባችን በየዕለቱ ይናገረዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ የሚለምነውን ሰው የኔ ቢጤ ብሎ ይጠራዋልና። ይህን ስም ያወጡ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሕግ ዐዋቂው ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል ማለት ይቻላል። ባልንጀራዬ ማን ነው ቢባል፥ እነሆ በደጅ የተቀመጠው እርሱ የኔ ቢጤ ነው፤ እኔን የሚመስል፥ እኔም ነገ ልመስለው የምችል ሰው ነው። ስሙ በአፋችን አለ፤ በሥራችን ግን እንደ ስሙ ይዘነው እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር።

ሕግ ዐዋቂው ሊረዳቸው የሚገቡት ሰዎች ወሰናቸው እስከ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። ጌታችን ግን የሳምራዊውን ምሳሌ ከነገረው በኋላ፥ ለቈሰለው ሰው ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው። ስለዚህ ባልንጀራ ተፈልጎ የሚለካ ሰው አይደለም፤ እኛ ራሳችን ሄደን የምንሆነው ነው። ደግሞም ሳምራዊው ለአገልግሎት ብሎ ከቤቱ የወጣ አልነበረም፤ በራሱ ጕዳይ ሲሄድ በመንገዱ ያገኘው ነው። የሰጠውም ዘይት፥ ወይን፥ አህያና ሁለት ዲናር ለመንገዱ የያዘው ነበረ። መተርጕማን ሳምራዊውን ጌታችን፥ የእንግዶቹን ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ እያሉ ያመሠጥሩታል። በዚህ ምሥጢር ብንመለከተው፥ የማደሪያው ጠባቂ ቍስለኛውን እንዲያስታምም አደራ ተቀበለ እንጂ እየመረጠ እንዲያስገባ አልተፈቀደለትም።

በመዝገብ ያልተጻፈ ስም

ሕዝባችን የመረዳዳት ልማድ የጐደለው ሕዝብ አይደለም። ገበሬው አዝመራው ሲደርስበት ደቦ ጠርቶ ያጭዳል፤ ወንፈል የገባም ዛሬ ለባልንጀራው ያርሳል፥ ነገ በተራው ይታረስለታል። ማኅበርተኞች በየወሩ በቅዱሱ ዕለት ተሰብስበው ጽዋ ይጠጣሉ፤ ሰንበቴ የገቡ ምእመናንም በየተራቸው እንጀራና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ከነዳያን ጋር ይቀምሳሉ። በከተማ ደግሞ ዕድር አለ። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ኀዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከልለታል፥ ለቀብር ሰው ይወጣለታል፤ ከቀብር የቀረ አባልም ይቀጣል። ይህ ሁሉ ሕዝባችን በቃልና በመዝገብ አጽንቶ ያኖረው ታላቅ ሥራ ነው።

ዳሩ ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ በመለዋወጥ የቆሙ ናቸው፤ የሰጠ በተራው ይቀበላል፥ ያልሰጠም አይቀበልም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ እንዳስተማረው ግን፥ ግብዣ የሚያደርግ ሰው መጥራት የሚገባው ብድራቱን ሊመልሱለት የሚችሉትን ወዳጆችና ባለጸጎች ሳይሆን ምንም ሊመልሱለት የማይችሉትን ድሆችና ሕሙማን ነው። ይህን ማለታችን ዕድርንና ወንፈልን ለመንቀፍ አይደለም። መለዋወጥ የፍትሕ ሥራ ነው፤ ፍቅር ግን መለዋወጥ ከሚያበቃበት ወሰን አልፎ ይሄዳል። የኤድስ ደዌ በበረታበት ዘመን ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሕፃናት መርዳት የጀመሩ ዕድሮች መኖራቸው፥ ይህን ወሰን ማለፍ እንደሚቻል ያሳያል። ስለዚህ የሚያገለግልበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ይሁን፤ በሰፈራችን መዝገብ ስሙ ያልተጻፈ ማን ነው?

ቢጠይቅ ያገኛል። በየጊዜው ቤት የሚቀይር ተከራይ በዕድር አይጻፍም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፥ የሌሊት ዘበኛ፥ በግንባታ ቦታ የሚያድር የቀን ሠራተኛ፥ በጦርነት ወይም በድርቅ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ቤተ ሰብ፥ አእምሮው ታውኮ በጎዳና የሚኖር ሰው፥ እነዚህ ሁሉ መዋጮ መክፈል ስላልቻሉ ወይም ማንም ስላልጠራቸው ከመዝገብ ውጭ ናቸው።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግረኛ አለ፤ ይኸውም ልጆቹ ወደ አሜሪካ፥ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ዐረብ አገር ሄደው ገንዘብ የሚልኩለት ሽማግሌ ነው። ዕድሩን ይከፍላል፤ እንጀራም አላጣም፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ቤት ይዞት የሚሄድ፥ የመድኃኒቱን ጽሑፍ የሚያነብለት፥ ሲመሽ በሩን የሚያንኳኳ የለውም። ገንዘብ አለው፤ ሰው የለውም። በየከተማው በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአራተኛው ፎቅ የሚኖር እንዲህ ያለ ሽማግሌ፥ ደረጃው ስለሚከብደው ለብዙ ጊዜ ከቤቱ ሳይወጣ፥ ቤተ ክርስቲያንም ሳይሳለም ሊቀር ይችላል። ሁለት ጐልማሶች በክንዱ ይዘው በእሑድ ጧት ቢያወርዱት፥ በመጠመቂያው ዳር የጐደለውን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ሰውን ሳያስቡ መዘንጋት ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በየዕለቱ በሚደረገው ዕደላ የግሪክ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩት ወገኖች መበለቶች ስለ ተዘነጉ ማጕረምረም ተነሥቶ ነበር። ያች ማኅበር መንፈስ ቅዱስ የወረደላት፥ ንብረቷን በአንድነት ያደረገች፥ በሐዋርያት የምትመራ ነበረች። እርስዋ ሳታውቀው የምትዘነጋው ሰው ከተገኘባት እኛማ ምን ያህል እንዘነጋ ይሆን? ሐዋርያት ያጕረመረሙትን አልገሠጹም፤ ሰባት ሰዎች አስመረጡ እንጂ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን ስናይ፥ የተዘነጉትን ሰዎች ቋንቋና ኑሮ የሚያውቁ እንደ ተመረጡ እንረዳለን። የዲቁና መዓርግ መነሻው ይህ የማዕድ አገልግሎት መሆኑን ዲያቆናት ሁሉ ሊያስቡት ይገባል። በባዕድ አገር ያሉ ምእመናንም ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ፤ የአገሩን ቋንቋ የማታውቅ እናት በሐኪም ፊት ወይም በመሥሪያ ቤት መስኮት ስትቆም፥ አጠገቧ ቆሞ የሚተረጕምላት አንድ ወጣት ከብዙ ገንዘብ ይበልጥባታልና።

አገልግሎት እንዴት ይገኛል?

አገልግሎት በመጀመሪያ የሚገኘው በእግር ነው። ሰው ከራሱ ደጅ ጀምሮ እስከ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ በየቤቱ ማን እንደሚኖር፥ የማን በር እንደማይከፈት፥ የማን ጣራ እንደሚያፈስ ያስተውል። ካህኑና ሌዋዊውም በዚያው መንገድ ሄደው ቍስለኛውን አይተውታል፤ ነገር ግን አይተው አለፉ። ስለዚህ ማየት ብቻ አይበቃም፤ መቆም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በጆሮ ነው። የንስሓ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል፤ የዕድር ዳኛ የሟቾችንና የቀሩትን ያውቃል፤ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ሠራተኛ የሕሙማንን ነገር ታውቃለች፤ መምህር ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ተማሪ ይለየዋል። እነዚህን የጠየቀ ሰው በአንድ ቀን ለዓመት የሚበቃ ሥራ ያገኛል። ከሁሉም በላይ ግን የተቸገረውን ሰው ራሱን መጠየቅ ይገባል። ጌታችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን ድውዩን የሚወደውን ጠየቀው፤ እኛ ግን የማናውቅ ስንሆን ሳንጠይቅ እንሰጣለን። ብርድ ልብስ የሞላለትን ሰው ሌላ ብርድ ልብስ እንጨምርለታለን፤ እርሱ ግን ከልጁ የመጣውን መልእክት የሚያነብለት ሰው ሲጠብቅ ይውላል።

ሦስተኛው በእጅ ነው። በኢዮጴ ትኖር የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ፥ መበለቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበረ። ጣቢታ የስብከት ጸጋ ለምን አልተሰጠኝም ብላ አልተቀመጠችም፤ በእጅዋ የነበረው መርፌ ነበርና በመርፌዋ አገለገለች። እንደዚሁም ማንበብ የሚችል ለዐይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍ ያንብብለት፤ ሒሳብ የሚያውቅ የደካማ ቤተ ሰብ ልጅ ያስጠና፤ አናጢ የሚያፈስሰውን ጣራ ይድፈን፤ መኪና ያለው ሕመምተኛ ያድርስ። ጤናው የተሟላ ሰው በ3 ወር አንድ ጊዜ ደሙን ቢለግስ፥ ማንነቱን ለማያውቀው ሰው ሕይወት ይሆናል፤ ደም በፋብሪካ አይሠራምና። ምንም ሙያ የለኝም የሚል ደግሞ ውሃ ይቅዳ፥ ቤት ይጥረግ፥ ተቀምጦም ያጫውት።

በአገራችን ሐኪም ቤት የተኛ ሰው ያለ አስታማሚ ምን ያህል እንደሚቸገር ያላየ የለም። ምግብ የሚያቀብል፥ መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣ፥ ሰውነቱን የሚያጥብ፥ ሌሊት ሲጠማው የሚነሣ አስታማሚው ነው። ከሩቅ ገጠር ብቻውን የመጣ ሕመምተኛ ሐኪም አለው፥ አልጋም አለው፤ አስታማሚ ግን የለውም። ሐኪሙንና ነርሷን አስፈቅዶ በሳምንት አንድ ሌሊት ለእንዲህ ያለው ሰው አስታማሚ መሆን ከአገልግሎት ሁሉ የተመረጠ ነው እንላለን። ስንቅ የሚያደርስለት ዘመድ የሌለው እስረኛም፥ በአኵፋዳ ለምኖ የሚማረው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ከተቈጠሩት ከስድስቱ ሥራዎች ሁለቱ፥ ማለት የታመመውን መጠየቅና የታሰረውን መጐብኘት፥ በገንዘብ ሳይሆን በመሄድ ብቻ የሚፈጸሙ ናቸው።

አባቶቻችን ይህን በሥራ አሳይተዋል። በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእስክንድርያ ቸነፈር በገባ ጊዜ፥ 14ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ በጻፈው መልእክት እንደ መሰከረው፥ ሌሎች ሕሙማኑን ወደ ጎዳና ሲጥሉ ቀሳውስት፥ ዲያቆናትና ምእመናን እያስታመሙ አብረው ሞተዋል። ቅዱስ ባስልዮስም በ368 ዓ.ም. ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ፥ ገና ቀሲስ ሳለ፥ የባለጸጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ የተራቡትን በእጁ አበላ፤ ጳጳስ ከሆነም በኋላ ከከተማው ውጭ የድሆችና የሕሙማን ማረፊያ ሠራ። በዘመናችንም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎን ረኃብ በጐዳው ጊዜ፥ ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው የተራቡትን አዩ፤ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው አዲስ አበባ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሁለት ሕፃናት የተጀመረው ሥራ ብዙ ሺህ ልጆችን ያሳደገ ድርጅት ሆነ፤ እርሳቸውም በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። መሥራቿ ድርጅት ለማቋቋም አልወጡም፤ ለመሳለም ወጥተው በመንገዳቸው ያገኙትን አላለፉም እንጂ።

ስለ መጽናትና ስለ መሰወር

በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፥ ተማሪዎችን ማስጠናት፥ ችግኝ መትከል በየከተማው የተለመደ ሆኗል፤ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ያብዛው። ዳሩ ግን ክረምቱ 3 ወር ነው፤ የአገራችን ዓመት ግን 13 ወር አለው። ጣራው በታደሰ ማግስት የሚመለስ ሰው ካልተገኘ፥ አሮጊቷ በአዲስ ጣራ ሥር ሰው እንዳጡ ይኖራሉ። ስለዚህ ብዙ ጀምሮ ከመተው ጥቂት ይዞ መጽናት ይበልጣል። አገልጋይ ቀን ይቍረጥ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይገኝ። ተስፋ ሰጥቶ መቅረት ቀድሞ ከነበረው ብቸኝነት የከፋ ኀዘን ያመጣልና። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው፥ አገልጋዮችም ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱ፥ አንዱ ሲታመም ወይም ሲደክም ሌላው ይተካዋል፤ ከሐሜትም ይጠብቃቸዋል።

ደግሞ ድኃው ለአገልጋዩ ክብር መሣሪያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአሁኑ ጊዜ አንድ ኩንታል ዱቄት ሲሰጥ የተቀባዩን ፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ ማሳየት ልማድ እየሆነ ነው። ዱቄቱ በወር ያልቃል፤ ፎቶግራፉ ግን አያልቅም፤ የሰውየውም ልጆች ሲያድጉ ያዩታል። ቀኝ የምትሰጠውን ግራ እንዳታውቅ የተማርን ሰዎች ይህን ልንፈጽም አይገባንም። በቤቱ ያየነውን ጕስቍልና፥ ከአፉ የሰማነውን ኀዘን እንደ ንስሓ ምሥጢር እንጠብቅለት። ሌሎችን ለማነሣሣት መናገር ቢያስፈልግ፥ ሥራው ይነገር፤ የተቸገረው ሰው ፊት ግን ይሰወር።

ጊዜ የለኝም የሚል ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ኑሮ ከብዷል፥ መንገዱም ርቋል። ነገር ግን ስለ ቅርብ ጐረቤት የምንናገረው ለዚሁ ነው፤ በደረጃው ማዶ ያለውን በር ለማንኳኳት ታክሲ አያስፈልግም። ሌሎች ደግሞ በማኅሌትና በቅዳሴ ማገልገል ይበቃናል ይላሉ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን መሠዊያውን በሐር አስጊጦ በደጅ የታረዘውን ማለፍ የማይገባ መሆኑን ሕዝቡን አጥብቆ አስተምሯል፤ ሥጋውና ደሙ የሚፈተትበትን ቤት ያከበረ፥ ያው ጌታ በተራቡት አካል እንደሚገኝ ማወቅ ይገባዋልና። ቅዳሴው ሲፈጸም በሰላም ሂዱ የምንባለው ወደ ሥራ ነው።

እንግዲህ ለአባቶች ካህናት፥ ለማኅበርና ለሰንበቴ ሙሴዎች፥ ለዕድር ዳኞችም አንድ ነገር እናሳስባለን። በምትሰበሰቡበት ቀን የመዋጮው ሒሳብ ከተነበበ በኋላ፥ በሰፈራችን ሰው ያጣ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ። አንድ ስም ቢገኝ ለዚያ ስም ሁለት ሰዎች ይመደቡለት፤ በሚቀጥለውም ወር እንዴት እንዳለ ይነገር። ለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም፥ ማኅተምም አያስፈልግም። ሥራ ያጣው በጎ ፈቃድና ሰው ያጣው ችግረኛ የሚገናኙት በዚህ ዓይነት ይመስለናል።

ደዌያችንን ሊሸከም ሰው የሆነልን አምላክ፥ እኛንም ሰው ላጣ ሰው ሰው እንድንሆን ያድርገን፤ የጀመርነውንም እንድንፈጽም ጽናቱን ይስጠን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።